አንደኛና ሁለተኛ፦ ከካምብሪጅ የጉዞ ማስታወሻ

ካምብሪጅ የገባ ጎብኚ ኪንግስ ፓሬድ በሚባለው መንገድ ላይ ቆሞ ፎቶ የሚያነሳው የኪንግስ ኮሌጅን ቤተ ጸሎት ነው። ቁመቱ ያስፈራል፤ መስኮቶቹ ከላይ እስከ ታች ባለቀለም መስታወት ናቸው፤ ዓይን ወደዚያ ቢያደላ አይፈረድም። ከጎኑ፣ በብረት አጥር ተከልሎ ሣር መሐል የተቀመጠውን ነጣ ያለ የድንጋይ ሕንፃ ግን ዞር ብሎ የሚያየው ጥቂት ነው። ሴኔት ሃውስ ይባላል። የነደፈው ጄምስ ጊብስ የተባለ አርክቴክት ሲሆን ያለቀው በ1730 ነው። (በዚህ ማስታወሻ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እኔ ከለንደን ተነስቼ የመጣሁት ይህንን ሕንፃ ለማየት ነበር።

ከ1748 እስከ 1909 ድረስ የዚህ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ተማሪዎች የመመረቂያ ፈተናቸውን ሲጨርሱ፣ ስማቸው ከአንደኛው እስከ መጨረሻው በደረጃ ተሰልፎ ለሕዝብ ይወጣ ነበር። ፈተናው ትራይፖስ ይባላል። አንደኛ ማዕረግ ያገኙት ራንግለር ይባላሉ፤ የሁሉም ቁንጮ ደግሞ ሲኒየር ራንግለር ነው። ከእሱ ሥር ሁለተኛ ራንግለር፣ ሦስተኛ ራንግለር እየተባለ ይወረዳል። በዚያ ዘመን እንግሊዝ አገር አንድ ወጣት ሲኒየር ራንግለር ሆነ ከተባለ ስለ ጭንቅላቱ ሌላ ምስክር የሚጠይቅ የለም። ጋዜጣ ስሙን ያወጣዋል፣ ፎቶግራፉ ይሸጣል፣ የተወለደበት ከተማ ደስታውን ይካፈላል፣ ኮሌጁም ዕድሜ ልኩን ይጠራበታል።

አንድ ጠረጴዛ ላይ አብረው ያነበቡና አብረው የበሉ ልጆች በማግስቱ በቁጥር ሲደረደሩ ወዳጅነታቸው ምን ይሆናል? ይህ ጥያቄ ተማሪ ከነበርኩበት ጊዜ ጀምሮ አብሮኝ የኖረ ነው። እኛ ጋ ውጤት የሚለጠፈው ኮሪደር ላይ፣ በመታወቂያ ቁጥር ነበር። ስም አይጻፍም፤ ቢሆንም የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። ጣቱን ወረቀቱ ላይ እያንሸራተተ የራሱን ያገኘ ሁሉ ቀጥሎ የሚፈልገው የጓደኛውን ነው። ውጤቱ በከርቭ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ የአንዱ ኤ የሌላው ቢ ነው። ያለፈ ዓመት ፈተና አግኝቶ ፍራሹ ሥር የሚደብቅ ልጅ ነበረ። በዚያው ዶርም፣ በፋይናል ዋዜማ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ቆሞ፣ የቁም ሣጥን በር ላይ በጠመኔ እየጻፈ፣ ወለሉ ላይ ለተደረደረው ልጅ ሁሉ የሚያስረዳ ሰቃይም ነበረ። ሁለቱንም ያፈራቸው አንድ ውድድር ነው። ለምን አንዱን እንዲህ፣ ሌላውን እንዲያ እንዳደረገ ማወቅ እፈልግ ነበርና፣ ውድድሩን ከመቶ ስልሳ ዓመት በላይ አጥብቆ ወደኖረበት ከተማ መጣሁ።

ባቡሩ ከኪንግስ ክሮስ ተነስቶ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ያደርሳል። አገሩ ለጥ ያለ ሜዳ ነው፤ ዓይን የሚያርፍበት ተራራ የለም። ጣቢያው ከከተማው መሐል ርቆ ስለተሠራ ቀሪው በእግር ይኬዳል። ባቡር ካምብሪጅ የገባው በ1845 ነው፤ ዩኒቨርሲቲውም ተማሪዎቹ ወደ ለንደን እየኮበለሉ እንዳያስቸግሩት፣ ሹማምንቱ ጣቢያ ገብተው የሚቆጣጠሩበትን መብት አስቀድሞ በሕግ አስጽፎ ነበር።

ጣቢያ የተቀበለችኝ የአንድ ወዳጄ ልጅ ናት፤ ለንደን ተወልዳ ያደገች፣ እዚህ የአንደኛ ዓመት የሒሳብ ተማሪ። ብስክሌቷን እየገፋች መጥታ «ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጡ!» ብላ ሦስቴ ሳመችኝ። አማርኛዋ የእናቷ ነው፤ ለዛው እንዳለ ነው፤ ወሬው ሒሳብ ላይ ሲደርስ ግን እንግሊዝኛ ይቀድማታል። ቤተ ጸሎቱን ላስጎብኝዎ ስትለኝ አስቀድመን ሴኔት ሃውስ እንሂድ አልኳት። ገረማት። «እዚያ እኮ ምንም የለም፤ የምንመረቅበት አዳራሽ ነው» አለች።

ሰዎች የሚመረቁበት አዳራሽነቱ ለእኛም የራቀ አይደለም። ራስ ተፈሪ መኮንን በ1924 አውሮፓን በጎበኙ ጊዜ ካምብሪጅ የክብር የሕግ ዶክትሬት ሰጥቷቸዋል። ይህን ስነግራት ከአጥሩ ውጭ ቆማ ሕንፃውን እንደ አዲስ አየችው።

የዱሮውን ፈተና ክብደት ለመረዳት የ1854ን ማየት ይበቃል። አሥራ ስድስት ወረቀት ነበረው፤ ስምንት ቀን ፈጀ፤ በድምሩ 44 ሰዓት ተኩል። ወሩ ጥር ነው፤ የካምብሪጅ ጥር ደግሞ ከሜዳው የሚመጣ ነፋስ አጥንት የሚሰብርበት ወር ነው። በዚያ ዓመት ከተፈተኑት አንዱ ጄምስ ክለርክ ማክስዌል የተባለ ስኮትላንዳዊ ነበር። አባቱ ለልጃቸው ሲጽፉ ምክራቸው ስለ ሒሳብ አልነበረም፤ እግሩን የሚጠቀልልበት ብርድ ልብስ ይዞ እንዲገባ ነበር። ከዚያ ፈተና ታሪክ ውስጥ ይህችን ያህል ልቤን የነካች የለችም።

ለዚህ ፈተና በሌክቸር ብቻ የሚዘጋጅ አልነበረም። የግል አስጠኚዎች ነበሩ፤ ኑሯቸውም ዝናቸውም ከዚሁ የመጣ። ከገነኑት አንዱ ዊልያም ሆፕኪንስ ነው። ባለትዳር ስለነበር በዘመኑ ደንብ የኮሌጅ ፌሎው መሆን ስላልቻለ በማስጠናት ኖረ፤ ስቶክስን፣ ኬይሊን፣ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለውን ዊልያም ቶምሰንን፣ ማክስዌልን ያስጠናው እሱ ነው። ከእሱ ቀጥሎ የመጣው ኤድዋርድ ራውዝ ከ600 በላይ ተማሪ አስጠንቷል፤ ከእነዚህ ሲኒየር ራንግለር የወጡት ከሃያ አምስት ይበልጣሉ። እነዚህ አስጠኚዎች ተማሪውን ለየብቻ አይዙትም ነበር። አቅማቸው ተቀራራቢ የሆኑትን ጥቂት ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ሰብስበው፣ አንድ ዓይነት ጥያቄ ሰጥተው፣ እርስ በርስ እያስተያዩ ነበር የሚገፏቸው። ከእኛ ቅኔ ቤት ጋር የሚመሳሰል ነገር አለው፤ እዚያም የአንዱ ቅኔ በጉባኤው ፊት ሲነቀፍ ሌላው ይማርበታል፤ ማታ ደግሞ የተነቀፈውና ነቃፊው ለምነው ያመጡትን ቁራሽ አንድ ላይ ይበላሉ።

ካምብሪጅም የራሱ ቁራሽ ነበረው፤ የእግር ጉዞ። ትጉህ የሚባል ተማሪ ጠዋት ያነባል፣ ከሰዓት በኋላ ከአንድ ጓደኛው ጋር ረጅም መንገድ ይሄዳል ወይም ጀልባ ይቀዝፋል፣ ማታ ተመልሶ ያነባል። ብቻውን የሚሄድ ብዙም አይታይም ነበር። ከሚወደዱት መንገዶች አንዱ በወንዙ ዳር ወደ ግራንቸስተር መንደር የሚወስደው ነው። እኛም ሄድንበት። ላሞች ሜዳው ላይ ይግጣሉ፤ ወንዙ ካም ቀስ ብሎ ይፈሳል፤ ረጅም ዘንግ እየተከሉ ጠፍጣፋ ጀልባ የሚገፉ ልጆች ይንጫጫሉ። ከፊታችን ሁለት ተማሪዎች አንዱ በእጁ አየር ላይ የሆነ ነገር እየሣለ፣ ሌላው ራሱን እየነቀነቀ ይሄዱ ነበር። የሚያወሩት አልተሰማኝም፤ የእጁ እንቅስቃሴ ግን የክርክር ነው።

የ1845ቱ የቶምሰን ታሪክ እዚህ መንገድ ላይ ነው ትዝ ያለኝ። ቶምሰን ገና ተማሪ ሳለ የራሱን የምርምር ጽሑፎች ያሳትም ነበር። ቀዛፊም ነበር፤ በኮሌጁ የሙዚቃ ማኅበር ውስጥም ሆርን ይነፋ ነበር። አንደኛ እንደሚወጣ ያልጠበቀ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ይባላል እንጂ፣ ውጤቱ በሚወጣበት ጠዋት አሽከሩን «ሁለተኛ ራንግለር ማን እንደሆነ አይተህ ና» ብሎ ላከው፤ አሽከሩም ተመልሶ «እርስዎ ነዎት ጌታዬ» አለው። እውነት ይሁን የተማሪ ወሬ፣ ሁለተኛ መውጣቱ ግን በመዝገብ ያለ ነው። አንደኛው የሴንት ጆንስ ኮሌጁ ስቲቨን ፓርኪንሰን ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ በተሰጠው የስሚዝ ሽልማት ፈተና ግን፣ ፍጥነት ሳይሆን ጥልቀት በሚለካበት፣ ቶምሰን ቀደመ።

ምሳ ስንበላ የልጅቷ የጥናት አጣማጅ መጣ፤ ከሰሜን እንግሊዝ የመጣ፣ ሲናገር ቶሎ የሚቀላ ቀጭን ልጅ። በካምብሪጅ ከሌክቸሩ ሌላ ሱፐርቪዥን የሚሉት ነገር አለ። አንድ መምህርና ብዙውን ጊዜ ሁለት ተማሪ ለአንድ ሰዓት ያህል ይቀመጣሉ፤ ተማሪዎቹ የጥያቄ ወረቀት አስቀድመው ሠርተው ያስረክባሉ፤ መምህሩ የሠሩትን እያነሳ ይሞግታቸዋል። ማምለጫ የለውም። ከኋላ ወንበር ላይ ተደብቆ የሚታለፍ ሰዓት አይደለም። አጣማጁም በተመሳሳይ ሁኔታ ያለ ሰው ስለሆነ፣ የአንዱ ድንግርግር ለሌላው ይታያል።

ልጅቷ ከቦርሳዋ ሦስት ገጽ አወጣች፤ ሙሉ በሙሉ የተሰረዘ። ሰባተኛው ጥያቄ ነው። ልጁ አየና እርሳሱን አነሳ። እሷ ቶሎ ብላ መዳፏን ወረቀቱ ላይ ዘረጋች፤ አትንገረኝ ማለቷ ነው። ልጁ አልተናገረም። እርሳሱን ግን አላስቀመጠም፤ ከመዳፏ ጎን በቀረው ባዶ ቦታ ላይ ክብ ሣለ፣ ክቡ ጠርዝ ላይ አንዲት ቀስት ብቻ አስቀመጠ። ልጅቷ ቀስቷን ለረጅም ጊዜ ስታይ ቆየችና መዳፏን አነሳች። ከዚያ በኋላ የጻፈችው አምስት መስመር አይሞላም። ስትጨርስ ወረቀቱን ወደ እሱ ገፋችና «ዘጠነኛውስ?» አለችው። ዘጠነኛው እሱን ያቃተው ነበር።

ምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ ቬክተር ካልኩለስ ነው አሉኝ። ሰባተኛው ጥያቄ የሚፈታው በስቶክስ ቲዎረም ነው። የምህንድስና ትምህርት የተማረ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ያውቀዋል፤ አፕላይድ ማቲማቲክስ ላይ አላብቶት ያለፈ ነው። ለማያውቀው በአጭሩ፦ በአንድ ገጽ ጠርዝ ዙሪያ የሚዞረውን ፍሰት ብትለካ፣ በገጹ ውስጥ ካሉት ጥቃቅን ሽክርክሪቶች ድምር ጋር እኩል ሆኖ ታገኘዋለህ። ልጁ የሣላት ክብና ቀስት ይህቺው ነበረች።

ይህ ቲዎረም ወደ ዓለም የወጣበት መንገድ እኔን ወደዚህ ከተማ ካመጡኝ ነገሮች ዋናው ነው። ያ በ1845 ሁለተኛ የወጣው ቶምሰን በ1850 ለጆርጅ ስቶክስ ደብዳቤ ጻፈ። ስቶክስ የ1841 ሲኒየር ራንግለር ነው፤ ሁለቱም የሆፕኪንስ ተማሪዎች ናቸው፤ ወዳጅነታቸው ዕድሜ ልክ የዘለቀ፣ ደብዳቤያቸውም እንዲሁ። ቀመሩ በዚያ ደብዳቤ ውስጥ ነበር። ስቶክስ ለራሱ አላስቀረውም፤ የእኔ ነውም አላለም። በ1854 የስሚዝ ሽልማት ፈተናን ሲያወጣ አረጋግጡ ብሎ ለተማሪዎች በጥያቄ መልክ ሰጠው። ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመውም እዚያ የፈተና ወረቀት ላይ ነው። በዚያ ዓመት ለፈተናው ከተቀመጡት ሁለቱ ማክስዌልና ራውዝ ነበሩ። በጥር ወር በተሰጠው ትራይፖስ ራውዝ ሲኒየር ራንግለር፣ ማክስዌል ሁለተኛ ወጥተዋል። በስሚዝ ሽልማት ግን ዳኞቹ ሊለዩዋቸው አልቻሉም፤ እኩል ናችሁ ብለው ሽልማቱን ለሁለቱም ሰጡ። ራውዝ የሌሎች ሰዎች አንደኝነት አባት ሆኖ ኖረ። ማክስዌል ቲዎረሙን ይዞ ሄዶ የኤሌክትሪክና የማግኔት ሕጎችን በጻፈበት ታላቅ መጽሐፉ ሠራበት። ከጓደኛ ለጓደኛ በፖስታ የተላከ ነገር ፈተና ሆነ፤ ፈተናው ደግሞ ለተፈታኙ ዕውቀት ሆነለት። ደረጃው ሰዎቹን አንድ በአንድ ነጥሎ ቢቆጥርም፣ ሥራው ሲሠራ የነበረው በሁለትና በሦስት ሰው መካከል ነው። ከቀስቷ በኋላ ይህን የማየው እንደ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ምሳ ጠረጴዛ ላይ ሲሆን አይቼዋለሁ።

በዝርዝሩ ጫፍ የሚሆነውን ሁሉም ሰው ይጠይቃል። በግርጌውስ? ከሦስተኛው ማዕረግ የመጨረሻ ሆኖ ያለፈው ተማሪ የእንጨት ማንኪያ ይሸለም ነበር። ቀልድ ነው፤ የተማሪዎች እንጂ የዩኒቨርሲቲው አይደለም። ልጁ ዲግሪውን ሊቀበል በምክትል ቻንስለሩ ፊት ሲንበረከክ፣ ጓደኞቹ ከሴኔት ሃውስ ሰገነት ላይ ማንኪያውን በገመድ እያወረዱ አናቱ ላይ ያደርሱለታል። እንደ ውርደት ብቻ ላየው አልቻልኩም። ያ ማንኪያ የሚያወርዱለት ሰዎች ያስፈልጉታል፤ ሥራና ገመድና ሰገነት ላይ ቀድሞ መውጣት ይጠይቃል። የመጨረሻው ማንኪያ የተሰጠው በ1909 ለሴንት ጆንስ ኮሌጅ ተማሪ ለከትበርት ሆልትሃውስ ነው። ቀዛፊ ስለነበር ማንኪያው የተሠራው ከጀልባ መቅዘፊያ ነው፤ ርዝመቱ ከአንድ ሜትር በላይ ሲሆን ግሪክኛ ጽሑፍ ተጽፎበታል።

ከሰዓት በኋላ ኒውናም ኮሌጅ ሄድን። ቀይ ጡብ፣ ነጭ መስኮት፣ ሰፊ የአትክልት ቦታ። ከአሮጌዎቹ ኮሌጆች የድንጋይ ግርማ በኋላ ሰው የሚኖርበት ቤት ይመስላል። በ1871 ለሴቶች የተከፈተ ነው። ሴቶች ትራይፖስን መፈተን በደንብ የተፈቀደላቸው በ1881 ሲሆን፣ ከወንዶቹ ዝርዝር ውስጥ ግን አይገቡም፤ ለብቻቸው፣ ከስንተኛና ከስንተኛ መካከል እንደሚውሉ እየተነገረ ይነበብ ነበር። ዲግሪም የለም። ፊሊፓ ፎሴት የዚህ ኮሌጅ ተማሪ ነበረች። እናቷ ሚሊሰንት ፎሴት የሴቶች የምርጫ መብት ትግል መሪ፣ አባቷ ሄንሪ ፎሴት ዓይነ ስውር ሆነው የፖስታ ሚኒስትር የነበሩ።

ጁን 7 ቀን 1890 ሴኔት ሃውስ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። የወንዶቹ ስም ተነበበ፤ ሲኒየር ራንግለሩ የሴንት ጆንሱ ጄፍሪ ቤኔት ሆነ። ቀጥሎ የሴቶቹ። የመጀመሪያው ስም ፎሴት ነበር። አንባቢው ደረጃዋን ሊናገር ሲጀምር ሰዉ ቀድሞ ስለገባው ጩኸቱ ድምፁን ዋጠው። ከሲኒየር ራንግለሩ በላይ ነበረች። በዚያ ምሽት ኒውናም ግቢ ውስጥ እሳት ተነደደ፤ ጓደኞቿ ተሸክመው ዞሩ።

ይህን ታሪክ የሚያወራ ሰው እዚህ ላይ ቢያቆም ደስ ይላል፤ እውነቱ ግን አያቆምም። በ1897 ለሴቶች ዲግሪ ይሰጥ አይሰጥ በሚል ድምፅ ሲሰጥ፣ ወንዶቹ ተማሪዎች ብስክሌት ላይ የተቀመጠች የሴት ምስል ከሴኔት ሃውስ ፊት ለፊት ሰቀሉ፤ ሐሳቡም በከፍተኛ ድምፅ ወደቀ። ከሰባት ዓመት በፊት ያጨበጨበ አዳራሽ ነው። ሴት ስታሸንፍ መደነቅ ቀላል ነው፤ በየቀኑ ከጎን ወንበር ላይ መቀመጧን መቀበል ነው የከበደው። ካምብሪጅ ለሴቶች ሙሉ ዲግሪ የሰጠው በ1948 ነው። ፎሴት በዚያው ዓመት በጁን ወር ዐረፈች፤ ሰማንያ ዓመቷ ነበር። በመካከሉ ደቡብ አፍሪካ ሄዳ ትምህርት ቤቶች ስታደራጅ፣ ከዚያም ለንደን ከተማ ላይ በትምህርት አስተዳደር ስትሠራ ኖራለች። ልጅቷ ይህን ሁሉ ከእኔ በተሻለ ታውቀዋለች። ስለ ብስክሌቱ ሲነሳ ብቻ እጇ የራሷ ብስክሌት መሪ ላይ እንዳለ ዝም አለች፤ ከዚያ «ተማሪዎች ነበሩ እኮ ጋሼ፤ የእኔ እኩዮች» አለችኝ።

ውድድሩን በዚያ መልኩ የገደለው ከውጭ የመጣ ሰው አይደለም። ጂ. ኤች. ሃርዲ በ1898 አራተኛ ራንግለር የወጣ የትሪኒቲ ኮሌጅ ሰው ነው። ፈተናው ሒሳብን አላስተማረኝም፣ ዘዴ እንጂ ብሎ ያምን ነበር፤ እንዲያውም ፈተናው ጨርሶ ቢቀር በወደደ። ከእሱ ጋር ሌሎችም ተሰልፈው ከ1909 በኋላ የደረጃ ቅደም ተከተሉ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በየማዕረጉ ውስጥ ስም የተዘረዘረው በፊደል ተራ ነው። ልማድ ግን ቶሎ አይለቅም፦ ልጅቷ እንደነገረችኝ፣ ዝርዝሩ ሴኔት ሃውስ ውስጥ ሲነበብ አንባቢው ከሁሉ የበለጠው ተማሪ ስም ላይ ሲደርስ ቆቡን ብድግ ያደርጋል። «ከዚያ ሁሉም ያውቃል» አለች። «አንቺስ እንዲነሳልሽ ትፈልጊያለሽ?» አልኳት። ምንም ሳታፍር «አዎ» አለችኝ። ወደድኩላት። ጓደኝነትን ለማዳን ሲባል ልጆችን አንደኛ መሆን አትመኙ ማለት አስፈላጊ አይመስለኝም። ፈተና ፍራሽ ሥር የደበቀውን ልጅና በጠመኔ ያስረዳውን ልጅ የለያቸው አንደኛ መሆን መፈለጋቸው አልነበረም፤ ሁለቱም ይፈልጉ ነበር። የተለያዩት የደበቀው ልጅ ጓደኛውን የሚያየው ከርቩ ላይ ብቻ በመሆኑ ነው። ከእነ ቶምሰን ዘመን አንስቶ ይህ ቦታ ያገኘው ዘዴ፣ ብዙ ጊዜ ሳያስበው ይመስለኛል፣ ተፎካካሪዎቹን ተመልሰው አንድ ጠረጴዛ ላይ እንዲገናኙ ማስገደድ ነው፤ በአስጠኚው ክፍል፣ በእግር ጉዞው፣ በጀልባው፣ አሁን ደግሞ በሱፐርቪዥኑ። የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ከካምብሪጅ የሚወስዱት ነገር ካለ እኔ የምመርጠው ሁለት ተማሪ ከአንድ መምህር ፊት የሚቀመጥበትን ያንን አንድ ሰዓት ነው። ውድ ነው፣ አውቃለሁ፤ አንድ ክፍል ውስጥ በርካታ ተማሪ የሚያስተምር መምህር ከየት አምጥቶ ይሰጣል? ቢያንስ ግን ያ የቁም ሣጥን በርና ጠመኔ መምህሩ ባይኖርም ሌሊት ሌሊት ይሠራ እንደነበር ምስክር ነኝ።

ጨለማ ሳይዝ የመጨረሻ የሄድንበት ሒዌልስ ኮርት ነው፤ ከትሪኒቲ ዋና በር መንገድ ተሻግሮ ያለ፣ የተማሪ መኖሪያ። ስሪኒቫሳ ራማኑጃን የኖረበት ነው። በ1914 ከማድራስ ሃርዲ አስመጣው፤ ትራይፖስን አልተፈተነም፤ በ1916 በምርምሩ ዲግሪ ተሰጠው፤ በ1918 የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነ፤ በ1920 አገሩ ተመልሶ በሠላሳ ሁለት ዓመቱ ሞተ። ሃርዲ ለእሱ የዋለለት ውለታ በመጽሐፍም በፊልምም ተነግሯል። እኔ ግን የማስበው ሌላ ሰው ነው። ኪንግስ ኮሌጅ የሚማር ፕራሳንታ ማሃላኖቢስ የሚባል ከካልካታ የመጣ ተማሪ ነበር። ራማኑጃን ሥጋ ስለማይበላ ክፍሉ ውስጥ ራሱ ያበስል ነበር። አንድ ቀን እሳቱ ላይ አትክልት ሲያማስል ማሃላኖቢስ ከመጽሔት ላይ አንድ የቤት ቁጥሮች እንቆቅልሽ አነበበለት፤ ራማኑጃን ማማሰሉን ሳያቋርጥ፣ ለዚያ ጥያቄ ብቻ ሳይሆን ለመሰሎቹ ሁሉ የሚሆን መልስ ነገረው።

ሌላ ጊዜ ማሃላኖቢስ ሲጠይቀው ራማኑጃን ሌሊት ብርድ እንደሚያንገላታው ነገረው። ካፖርቱን ለብሶ፣ ሻሉን ተጠቅልሎ ነው የሚተኛው። ማሃላኖቢስ ብርድ ልብስ አነሰው ብሎ ወደ መኝታው ገብቶ አየ። ብርድ ልብሶቹ ሞልተዋል። ችግሩ እንግሊዞች አልጋ ሲያነጥፉ ብርድ ልብሱን ከፍራሹ ሥር አጥብቀው ስለሚወትፉት፣ ራማኑጃን ከላይ ይተኛ የነበረ መሆኑ ነው። ማሃላኖቢስ ገለጥ አድርጎ በመካከሉ እንዴት እንደሚገባ አሳየው።

የመጀመሪያውን ሌሊት ውጭ አገር ዶርም ውስጥ ያደረ አበሻ ሁሉ ይህ የሚገባው ይመስለኛል። ዕውቀት ሳይጎድለው አንዲት ትንሽ ነገር የሚያሳየው ሰው የጎደለው ሰው ብርዱን ዝም ብሎ ይበርደዋል።

ማሃላኖቢስ በ1915 ትምህርቱን ጨርሶ አገሩ ተመለሰ። በ1931 ካልካታ ውስጥ የሕንድን የስታቲስቲክስ ኢንስቲትዩት መሠረተ፤ በ1936 ደግሞ ዛሬ የማሃላኖቢስ ርቀት የሚባለውን መለኪያ አሳተመ። ልጅቷ ስሙን የምታውቀው በዚህ ነበር፤ ብርድ ልብሱን አልሰማችም። ነገርኳት። እሷ ደግሞ ወደ ጣቢያው ስንሄድ፣ ብስክሌቷን በአንድ እጇ እየገፋች፣ ርቀቱ እንዴት እንደሚለካ አስረዳችኝ፤ ሦስተኛው ጊዜ ላይ ገባኝ።